ልጓሙ በልክ፦ የስልክ ጌምና ሴንሲቲቪቲ

እሷ፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ የምታደምጡን የፍሪ ፋየርና የፐብጂ ተጫዋቾች፣ የዛሬው ለእናንተ ነው። ወንድሜ፣ ሴንሲቲቪቲን፣ ማለትም ጣት ሲንቀሳቀስ ዕይታው የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ጥግ ድረስ መጨመር ጎበዝ ያደርጋል የሚሉ ብዙ ናቸው።

እሱ፦ አያደርግም፣ እህቴ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን እናያለን፤ ፈረሱ በትንሽ ንክኪ የሚዞር ከሆነ ጋላቢው ልጓሙን በልክ ይይዛል። ሴንሲቲቪቲም እንደዚያው ነው። ሲበዛ ጣት ዒላማውን ያልፋል፤ ሲያንስ ከኋላ ወደመጣው ጠላት ቶሎ መዞር አይቻልም።

እሷ፦ የሌላ ተጫዋችን የሴንሲቲቪቲ ቁጥር መቅዳትስ?

እሱ፦ እሱ ነው የሚያናድደኝ! የየስልኩ ስክሪን በስፋትም በፍጥነትም ይለያያል። ባለ 60 ኸርዙ ምስሉን በየ17 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ያድሳል፤ ባለ 120ው በየ8ቱ። መለማመጃ ሜዳ ገብታችሁ ቀስ በቀስ አስተካክሉ፤ የ4 እጥፉን ስኮፕ ሴንሲቲቪቲ ከሬድ ዶቱ ዝቅ አድርጉ።

እሷ፦ ስልኬ አርጅቷል ለሚለንስ?

እሱ፦ ግራፊክሱን ዝቅ ያድርግ፣ ጥላውን ያጥፋ። ውበቱ ይቀንሳል፣ ምስሉ ግን አይቆራረጥም። ቻርጅ ላይ ሰክቶ መጫወቱንም ይተው፤ ስልክ ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

እሷ፦ ማታ ደግሞ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ ዓይናችሁ ያሳስበናል።