የጋራ ቆጣሪና የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍትሐዊነት



ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሻሻል የቆየው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ ግን ዋጋው በ27.3 ሳንቲም ጸንቶ ነበር። ዓላማው ድሃውን ጠብቆ ገቢውን ከብዙ ተጠቃሚዎች መሰብሰብ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪፉ የሚያውቀው ቆጣሪን እንጂ ቤተሰብን አይደለም። በመርካቶ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጊቢዎች፣ በአንድ ቆጣሪ የሚገለገሉ በርካታ አባወራዎች ይኖራሉ። በየወሩ 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አራት ቤተሰቦችን ለአብነት እንውሰድ። ለየብቻ ቢቆጠር አንዳቸውም ከዝቅተኛው እርከን አያልፉም፤ በጋራ ቆጣሪ ግን ድምሩ 180 ደርሶ ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገባሉ። በአገልግሎት ሰጪው መዝገብም አራቱ ድሆች አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ሆነው ይታያሉ፤ የገቢው ዕድገት ከማን ኪስ እንደመጣ ከአኃዙ አይነበብም።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር በመወሰኑ ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ለሁሉም የየራሱ ቆጣሪ እስኪደርሰው ድረስ፣ ከእያንዳንዱ ቆጣሪ ጀርባ ያሉ አባወራዎች ተመዝግበው እርከኑ በቁጥራቸው ልክ ቢሰፋ ይበጃል እላለሁ።