አሥር ሰዓት ከአሥር

እሱ፦ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የቆመ ሴይኮ 5 ሰዓት ገዛሁ። ፊቱ ወይቧል፤ ቀለም ላስቀባው ነው።

እሷ፦ ተው እንጂ! ሰብሳቢ የሚወደው የወየበውን ነው፤ ቀለም ከተቀባ ዋጋው ይወርዳል። ውስጡን አስጠርገው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ጥርሶቹ ይበላሉ።

እሱ፦ የጃንሆይ ሰዓት አስመሰልሽው!

እሷ፦ የሳቸውማ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ ሊያጫርተው ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ።

እሱ፦ ማስታወቂያ ላይ ግን ሰዓት ሁሉ አሥር ከአሥር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው?

እሷ፦ ቀስቶቹ የፋብሪካውን ስም እንዳይጋርዱ። በኛ አቆጣጠር የመክሰስ ሰዓት ይሆናል! አንተም ፎቶ ስታነሳው ከፀሐይ አርቀው፤ መስታወቱ ያንጸባርቃል። የሱቅ ሸራ ጥላ ይበቃል።

እሱ፦ ሻጩንም አብሬ ላንሳ?

እሷ፦ መጀመሪያ አስፈቅድ፤ መርካቶ ነው!