ከውርጭ እስከ ቱሪን

እሷ፦ ዛሬ ሞላሌ ላይ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ የመንዝ ሰው ባናውን ደርቦ ነው የወጣው። ይህን ሁሉ ብርድ ይዘን የበረዶ ሆኪ ቡድን ያጣነው ምን ሆነን ነው?

እሱ፦ ምነው እህቴ፣ የእኛ ውርጭ እኮ ረፋድ ላይ የለም! ሆኪ ከሥሩ ማቀዝቀዣ ቧንቧ የተዘረጋበት ወለል ይፈልጋል። ኬንያውያን ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ አግኝተው ነው ቡድን ያቋቋሙት።

እሷ፦ እኛስ ጭራሽ በረዶ አልረገጥንም?

እሱ፦ ረግጠናል እንጂ! ሮቤል ተክለማርያም፣ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ 83ኛ ወጣ። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው።

እሷ፦ አዲስ አበባ ሲመጣ በምን ይለማመድ ነበር?

እሱ፦ ጎማ በተገጠመለት ስኪ፣ አስፋልት ላይ! የባለታክሲውን ጥሩንባ አስቢው። በ2002 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ ሆነ።

እሷ፦ ወደ ኋላ ሄደ በለኛ!

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ወርቅ ለለመደ አገር 93ኛ ያስቃል። ሰውዬው ግን የስኪ ፌዴሬሽኑንም ራሱ ነው ያስመሠረተው፤ በሁለቱም ኦሊምፒክ ሌላ ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ አልነበረም።

እሷ፦ ከእሱ ወዲህስ?

እሱ፦ በ2006ም፣ በ2010ም፣ በ2014ም አልተሰለፍንም።