የማያርፈው ባሌስትራ

አውሮፓ ውስጥ ብዙ ትንንሽ የመኪና ቤቶች የሚሠሩት በፊያት ዱካቶ ላይ ነው። ዱካቶ ዕቃ ሲያመላልስ ጠዋት ተጭኖ ማታ ባዶውን ይገባል፤ የኋላ ባሌስትራውም ፋታ ያገኛል። አልጋ፣ ምድጃና ቁምሳጥን ሲገጠምበት ግን ሸክሙ አይወርድም፤ 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ «ብዙ አልተነዳም፣ ምን ይሆናል?» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ባሌስትራው ቆሞም ተሸክሟል፤ የጫፉ ጎሚኒም በዕድሜ ብቻ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ኋላው ሲረግብ ብዙ ሰው አሞርዛተር ሊቀይር ይሮጣል። የተለመደው አሞርዛተር ግን ንጥረቱን ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም፤ ዘይት ካላለቀሰ፣ መኪናውም ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ካልዋለለ፣ ገንዘቡ ለባሌስትራው ቢውል ይሻላል። ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በሜትር በግራም በቀኝም መለካት ብዙ ይናገራል። (ከሥር መግባት ካስፈለገ ክሪክን ብቻ አምኖ አይገባም።) «አንድ ንብር ብረት ባስጨምርበትስ?» የሚል አይጠፋም። ቁመቱ ይመለስ ይሆናል፤ ጉዞው ግን ይደርቃል፣ ሊብሬው ላይ የተፈቀደው ክብደትም በዚያ ምክንያት አይጨምርም። ዝቅ ያለው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ባሌስትራው ከመወቀሱ በፊት የውኃ ጋኑ በየት በኩል እንደተገጠመ ይታይ።