የወና ቤት ቁልፍ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የንግግሬ አርእስት «የወና ቤት ቁልፍ» የሚል ነው። ነገሩ የሚመለከተው በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ የሆነውን ነው፤ ነገር ግን ወደ ልቤ የገባው በገዛ ሰፈራችን ባየሁት አንድ ነገር ምክንያት ስለ ሆነ፣ ፈቃዳችሁ ቢሆን ከዚያ እጀምራለሁ።

ከአጥራችን ቀጥሎ ባለቤቶቹ ወደ ሌላ ከተማ የሄዱበት አንድ የጭቃ ቤት ነበረ። ሲሄዱ ቁልፉን ለእናቴ በአደራ ሰጥተዋት ነበር። እናቴም በየሳምንቱ በሩን እየከፈተች ትጠርገው ነበር፤ ክረምት ሲገባም በምድጃው ላይ እሳት ታነድበት ነበር። «ጭስ የማይወጣበት ቤት ውሎ አድሮ የምስጥ ነው» ትላለች። አንድ የሐምሌ ሌሊት ዶፍ ሲጥል፣ አንዲት ሴት ሕፃን ልጅዋን አዝላ በዚያ ቤት ጣራ ሥር ተጠግታ አገኘናት። ቁልፉ በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ እንዳለ አውቃለሁና፣ «እማዬ፣ ለምን አንከፍትላትም?» አልኋት። እናቴ ግን «ልጄ፣ ቁልፉ አደራ ነው» ብላ ሴትዮዋንና ልጅዋን በእኛ ማድ ቤት አሳደረቻቸው። በነጋታው ለባለቤቶቹ ስልክ ደወለች። እነርሱም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ትግባ፤ እሳቱንም እርስዋ ታንድድ፤ ስንመለስ ትለቅልናለች» አሉ። ሴትዮዋ እስከ መስከረም መጨረሻ ተቀመጠች። ቤቱም በዚያ ክረምት አልተጎዳም።

በዚያች ሌሊት በእናቴ ተቈጥቼ ነበር። ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ሰው በዝናብ የሚቆምበት ምክንያት አልታየኝም። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው፣ ያ ጉዳይ በደኅና የተፈጸመው በሦስት ነገሮች መሆኑን ተረዳሁ። ቁልፉ ያለበት ቦታ ታወቀ፤ ባለቤቱ ተጠየቀ፤ የተጠየቀውም መልስ ሰጠ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲጠፉ ምን እንደሚደርስ ለማየት አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ብዙው ሰው ቤት የሚገዛው ተበድሮ ነው። ቤቱ ራሱ ለብድሩ መያዣ ይሆናል፤ ተበዳሪው ዕዳውን በየወሩ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 30 ዓመት ድረስ ይከፍላል፤ መክፈል ያቃተው እንደ ሆነ አበዳሪው ቤቱን ወስዶ በሐራጅ ያሸጠዋል። ይህ ሥርዓት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያለ መያዣ ማን ያበድራል? ዳሩ ግን ከ2000 ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙ አበዳሪዎች ገቢው ለማይበቃ ሰው ጭምር ማበደር ጀመሩ። ወለዱ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ዝቅ ብሎ ይቆይና ከዚያ በኋላ ከፍ ይል ነበር። አበዳሪው የማይጠነቀቅበት ምክንያት የብድሩን ወረቀት ወዲያው ለሌላ ስለሚሸጠው ነው። የገዛውም በሺህ ከሚቈጠሩ ሌሎች ብድሮች ጋር አንድ ላይ አስሮ፣ እንደገና ከፋፍሎ፣ በዓለም ዙሪያ ላሉ ባለገንዘቦች ይሸጠው ነበር። እንዲህ ሲሆን የአንድ ጎጆ ዕዳ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ።

ከ2006 በኋላ የቤት ዋጋ እየወደቀ ሲሄድ፣ ወለዱ የጨመረበት ሰው ቤቱን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አልቻለም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008፣ ከ1850 ጀምሮ የቆየው ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ መክሰሩን አስታወቀ። በዚያና በተከታዮቹ ዓመታት ሚሊዮኖች ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ። ብዙ መንደሮች፣ ይልቁንም የድኾችና የጥቁሮች ሰፈሮች፣ በወና ቤቶች ተሞሉ። ወና ቤትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በክረምት ውሃው በቧንቧው ውስጥ ረግቶ ቧንቧውን ያፈነዳዋል፤ ሌቦች የመዳብ ሽቦውን ነቅለው ይሸጡታል፤ እሳትም ይነሣበታል። በጎን ያለው ጎረቤት ዕዳውን በጊዜው የሚከፍል ቢሆንም የእርሱ ቤት ዋጋ አብሮ ይወድቃል። እናቴ ስለ ጭስና ስለ ምስጥ የተናገረችው በሸክላ ለተሠራ ቤትም ይሠራል ማለት ነው።

ታዲያ ቁልፉ በማን እጅ ነበረ? በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ፣ ክሪስቶፈር ቦይኮ የተባሉ የፌዴራል ዳኛ በኦክቶበር 2007፣ ከሳሹ ባንክ ክሱን ባቀረበበት ቀን የብድሩ ባለቤት መሆኑን በወረቀት ሊያሳይ ስላልቻለ 14 ክሶችን ሳይቀበሉ መለሱ። ከዚያው ግዛት የተመረጡት የምክር ቤት አባል ማርሲ ካፕተር በጃኑዋሪ 2009 በምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ ሕዝቡ አበዳሪው የብድሩን ውል እስኪያሳይ ድረስ ከቤቱ እንዳይወጣ መከሩ። በኋላም አንዳንድ ባንኮች ሠራተኞቻቸውን በቀን ብዙ ወረቀት ሳያነቡ ሲያስፈርሙ መቆየታቸው ተገለጠ። በ2012 አምስት ታላላቅ ኩባንያዎች ከ49 ግዛቶችና ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር 25 ቢሊዮን ዶላር በሚያህል ስምምነት ጉዳዩን ጨረሱ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ አስወጪው በቅጡ አይታወቅም ነበር፤ ቤቱ ወና ሲሆንም ጎረቤት ስልክ የሚደውልለት ባለቤት አላገኘም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ፈጥኖ አንድ ሒሳብ ያቀርባል። በ2010 በተደረገው ቈጠራ በአሜሪካ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ሰው አልነበረባቸውም፤ በጃኑዋሪ 2024 በአንድ ሌሊት በተደረገው ቈጠራ ደግሞ ቤት የሌላቸው ሰዎች 771,480 ሆነው ተገኙ። «እንግዲያስ ለእያንዳንዱ ሰው ስንትና ስንት ቤት ይደርሰዋል!» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ከባዶዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የዕረፍት ጊዜ ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ተከራይ ወይም ገዢ የሚጠብቁ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ሥራ በጠፋበት ከተማ ሲገኙ፣ ቤት ያጣው ሰው ያለው ሥራ ባለበትና ኪራይ ሰማይ በደረሰበት ከተማ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን በዚህች ከተማ፣ በዚህች መንገድ ላይ ያለችው ወና ቤት ለዚህ ሰው ትሆናለች ወይ ብለን ነው።

ይህን ጥያቄ በራሳቸው እጅ ሊመልሱ የተነሡ ሰዎች ነበሩ። በማያሚ ከተማ ማክስ ራሞ የተባለው ሰውና ጓደኞቹ በ2007 ጀምረው፣ ቤት ያጡ ቤተሰቦችን በዕዳ ተወስደው ወና ወደ ሆኑ ቤቶች ያለ ፈቃድ ያስገቡ ነበር። በካሊፎርንያ ግዛት በኦክላንድ ከተማ ደግሞ በኖቬምበር 2019 ቤት ያጡ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አንድ ወና ቤት ገቡ። ቤቱን በዚያው ዓመት በሐራጅ የገዛው፣ ቤት እያደሰ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ነበር። ዳኛው ለኩባንያው ፈረደ፤ ጃኑዋሪ 14 ቀን 2020 ጎሕ ሳይቀድ የታጠቁ የሸሪፍ ሰዎች መጥተው አስወጧቸው። ይሁን እንጂ ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ቤቱን ለአንድ የከተማው ማኅበር ለመሸጥ ለመደራደር ተስማማ፤ ቤቱም በዚያው ዓመት ለማኅበሩ ተሸጠ። እንዲሁም በ2020 የካሊፎርንያ ግዛት፣ በሐራጅ በተሸጠ ቤት ላይ ተከራዮችና ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ዋጋ አቅርበው ለመግዛት 45 ቀን የሚያገኙበትን ሕግ አወጣ።

ጓደኞቼ፣ በእነዚህ እናቶች ላይ እንዴት እንፍረድ? በሰው ቤት መግባት ስሕተት ነው የሚል ሰው ከእናቴ ጋር ይስማማል፤ ሕፃን በብርድ ላይ ሳለ ባዶ ቤት መዝጋት ነውር ነው የሚልም ሰው ከእናቴ ጋር ይስማማል፤ እርስዋ ሁለቱንም ጠብቃለችና። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እናቴ ሁለቱን ልትጠብቅ የቻለችው የራስዋ ማድ ቤት ስለ ነበራትና በስልክ የሚመልስላት ሰው ስላገኘች ነው። ማድ ቤትም መልስም በሌለበት፣ ሕግን ማክበርና ሰውን ማዳን እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ እናደርጋቸዋለን። የኦክላንዶቹ እናቶች በሩን ባይከፍቱ ኖሮ ኩባንያው ለድርድር የሚቀመጥ አይመስለኝም፤ ሆኖም አንድ ሰው በር በሰበረ ቁጥር ብቻ የሚሰማ አገር በደኅና የሚተዳደር አገር አይባልም።

የተሻለውን መንገድ የጀመሩም አሉ። በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት፣ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ሲዘጉባት በ1960 ከ196 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝብዋ በ2020 ወደ 81 ሺህ ወርዷል። በዚያ የአውራጃው ግምጃ ቤት ኀላፊ የነበሩት ዳን ኪልዲ «የመሬት ባንክ» የተባለውን መሥሪያ ቤት ካቋቋሙት ዋነኞቹ ናቸው። ግብር ባለመክፈል የተወረሱ ቤቶች ለማያውቃቸው ነጋዴ ከመሸጥ ይልቅ በዚህ መሥሪያ ቤት እጅ ይሆናሉ፤ የሚታደሰው ይታደሳል፣ የማይጠገነው ይፈርሳል፣ ባዶው መሬት ለጎረቤት ይሸጣል። ክሊቭላንድ ያለችበት አውራጃም በ2009 እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ቤቶች ከመበላሸታቸው የተነሣ ከማደስ ይልቅ ማፍረስ ግድ ሆነ። በጊዜው ቢከፈቱ ኖሮ ሰው ሊኖርባቸው ይችል ነበር።

የኦክላንዱን ቤት የገዛው ማኅበር ዐይነት ስሙ በእኛ ቋንቋ ቢተረጐም «የማኅበረሰብ የመሬት አደራ» ማለት ነው። መሬቱን ማኅበሩ ለዘለዓለም ይይዛል፤ ቤቱን ግን አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚቻለው ዋጋ ይሰጣል፤ ስለዚህ ተመልሶ ለትርፍ አይሸጥም። የዚህ ዐይነቱ የመጀመሪያው ማኅበር በ1969 በጆርጂያ ግዛት፣ ጥቁር ገበሬዎች የሚያርሱት መሬት እንዲኖራቸው የተቋቋመው ነው። ይህን ሳነብ እናቴ በዚያች ሌሊት የተናገረቻት ቃል ትዝ አለችኝ።

በርግጥ ቁልፍ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። የታመመ ሐኪም፣ ሥራ ያጣም ሥራ ይሻል። ነገር ግን በኒውዮርክ ከ1992 ጀምሮ ሳም ጸምበሪስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ በጎዳና ያለ ሕመምተኛ አስቀድሞ ቤት ቢሰጠው ሕክምናው ኋላ እንደሚከተል በሥራ አሳይተዋል። በር ዘግቶ የማያድር ሰው መድኀኒቱን የት ያስቀምጣል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤

በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ከመካከላችን አንዱ የባንክ ጸሓፊ፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱም የማዘጋጃ ቤት ሹም ይሆን ይሆናል። አንድ ቀን በጠረጴዛችን ላይ አንድ ወረቀት ይቀመጣል፤ በወረቀቱም ላይ የቤት ቍጥር ይጻፋል። በዚያን ጊዜ ሳናነብ እንዳንፈርም አደራ እላችኋለሁ። በዚያ ቤት ማን ይኖራል? ሲወጣስ ወዴት ይሄዳል? ቤቱ ወና ቢሆን ቁልፉን ማን ይይዛል? ሰው ሲጠይቅስ ማን ይመልስለታል? ብለን እንጠይቅ።

ያ የሰፈራችን ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ባለቤቶቹም ተመልሰው ይኖሩበታል። ቁልፉ የተሰቀለበት ምስማር ግን አሁንም በግድግዳችን ላይ አለ፤ እናቴ እንዳይነቀል ከልክላለች።