አንድ ግሬደር፣ ሦስት መንገድ፦ ስለ ሥራ ቅደም ተከተልና ስለ መጠባበቂያ ጊዜ

የዛሬው ንግግሬ አንድ ሐሳብ ይዟል። የሥራ መርሐ ግብር መነሣት ያለበት እጅግ ከሚያንሰን ሀብት ነው፤ መጠባበቂያ ጊዜውም በየሥራው ውስጥ ተሸጉጦ ሳይሆን ተጠቃልሎ መጨረሻው ላይ መቀመጥ አለበት። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ሲጀምር ክረምቱ ገብቷል። ለመንገድ ሥራ የሚመቹት ከጥቅምት ወዲህ ያሉት ወራት ናቸው፤ ከእነሱም ላይ የበልግ ዝናብ ድርሻውን ይወስዳል።

አንድ ግሬደር ብቻ ያለው ወረዳ ሦስት የቀበሌ መንገዶችን ሊሠራ ቢያቅድ፣ እያንዳንዱም ሁለት የግሬደር ወር ቢፈልግ እናስላ። በተራ ከተሠሩ የመጀመሪያው በኅዳር፣ ሁለተኛው በጥር፣ ሦስተኛው በመጋቢት መጨረሻ ያልቃል። ለሁሉም እኩል እንዲጀመር ተብሎ ግሬደሩ በየወሩ ከቀበሌ ቀበሌ ቢዞር ግን የመጀመሪያው ወደ ጥር፣ ሁለተኛው ወደ የካቲት ይገፋል፤ ሦስተኛውም ከመጋቢት አይቀድምም። በመጓጓዝ የሚባክነው ቀንና ነዳጅ ገና አልተቆጠረም። «ፍትሕ የሚሆነው ለሁሉም ሲጀመር ነው» የሚሉ ወገኖች ስጋት ከልብ የመነጨ ነው፤ ሆኖም ከዚህ ዙረት አንድም ቀበሌ አላተረፈም። ፍትሕ ተራው በግልጽ መስፈርት ሲወሰንና ሲከበር ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

አንዱ ጠባብ ቦታ ሥራውን ሁሉ እንደሚወስን የግልገል ጊቤ 2 የውኃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ አሳይቶናል። የጣቢያው ኃይል 420 ሜጋ ዋት ነው፤ ውኃው ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚደርሰው ግን 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ነው። በ1999 መግቢያ ቁፋሮው ከደካማ አለት ጋር ሲገናኝ ሥራው ለረጅም ጊዜ ተጓተተ። ጥር 2002 ተመርቆ ብዙ ሳይቆይ የዋሻው ክፍል ተደረመሰ፤ ተርባይኖቹ ቢዘጋጁም ዋሻው እስኪጠገን ኃይል ማመንጨት አልቻሉም።

መጠባበቂያውስ? የታሪክ ጸሐፊው ፓርኪንሰን በ1955 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ ይሞላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሙያ በግምቱ ውስጥ የሚደብቀው ትርፍ ሳምንት በዝግታ ያልቃል፤ ቀድሞ ያለቀውም ሥራ አይነገርም። የሥራ አመራር ባለሙያው ጎልድራት በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መፍትሔ ትርፉን ሰብስቦ የጋራ ማድረግ ነው። እንቅፋት ሁሉንም ሥራ በአንድ ጊዜ ስለማይመታ፣ የጋራው መጠባበቂያ ከተበታተነው ድምር አንሶም ይበቃል። በምሳሌያችን ሚያዝያና ግንቦት ለዚህ ይውላሉ። «ባዶ ወር የተገኘ እንደሆነ አዲስ ሥራ ይጫንበታል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ መከላከያው ግልጽነት ነው። ከሥራው ምን ያህሉ አለቀ? ከመጠባበቂያውስ ምን ያህሉ ተበላ? ሁለቱ በየወሩ ጎን ለጎን ለሕዝብ ይቅረቡ። ባለሙያውም ጠባብ ግምቱ ስላለፈበት አይቀጣ፤ ከተቀጣ በሚቀጥለው ዓመት ትርፉን መልሶ ይደብቃል።

ስለዚህ የሚመጣውን ዓመት ዕቅድ የምታጸድቁ ሁሉ፣ «ስንት ሥራ እንጀምር?» ከማለታችሁ በፊት «በእጃችን ያለው መሣሪያና ባለሙያ ስንቱን ከክረምት በፊት ይጨርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕዝብ የሚጠቀመው ባለቀ መንገድ ነው።