በክረምቱ ቤት የሚውሉ ሕፃናት ጨዋታና ትምህርት

ለጅማ ከተማና ለአካባቢው ወላጆች በራዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ነሐሴ 2012 ዓ.ም.



በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ የተወሰነው ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን ነው። በዚህም ምክንያት በመላ ኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ርቀዋል። በሌላው ዓመት ክረምት ማለት ሐምሌንና ነሐሴን የሚሸፍን የታወቀ ዕረፍት ነበር። ዘንድሮ ግን የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት ወይም የሰቃ ሕፃን ክረምቱን የተቀበለው ከሦስት ወር በላይ ቤት ከዋለ በኋላ ነው። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ በመሆኑም ሕፃኑ ደጅ የሚወጣበት ሰዓት ጥቂት ነው።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰራጭ ቆይቷል። የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጉዳይ ሁሉንም ያሳስባል፤ ፈተና አለበትና። ስለ ታናናሾቻቸው፣ ማለትም ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ስላሉት፣ ግን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነርሱ ነው።

ከወላጆች ጋር ስነጋገር ሁለት መልሶችን ደጋግሜ እሰማለሁ። አንደኛው «ገና ሕፃን ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይማራል» የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚሉኝ ይበልጡን እናቶችና አያቶች ናቸው፤ «እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን ላስተምረው እችላለሁ?» ይላሉ። ሁለቱም መልሶች ልጁን ይጎዱታል።

የሕፃን አእምሮ እጅግ በፍጥነት የሚያድገው ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። በእነዚህ ዓመታት ቃላትን፣ ቁጥርን፣ ትዕግሥትንና ተራ መጠበቅን የሚማረው ከሚያናግረው ሰው ነው። ልጁ ይጠይቃል፣ አዋቂው ይመልሳል፤ አዋቂው ይጠይቃል፣ ልጁ ያስባል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር በዚሁ በጅማ፣ በከፋ ድህነት በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ጥናት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት በሁለት ምድብ ከፍለው፣ የአንደኛው ምድብ ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር በጨዋታ ጊዜ እንዲያሳልፉ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ለስድስት ወራት ደገፏቸው። በመጨረሻም እነዚህ ሕፃናት በቋንቋም ሆነ ከሰው ጋር በመግባባት የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ድህነቱ እንዳለ ነበር፤ የተጨመረላቸው ጨዋታና የሚያጫውታቸው ሰው ነው።

ታዲያ ጊዜው ከየት ይምጣ? እኛ የቡና ሀገር ሰዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለን። እናት ከቀኑ ሥራዋ አረፍ የምትለው ቡና ሲፈላ ነው። ከወረርሽኙ በፊት ይህ ሰዓት የጎረቤት ነበር፤ ሕፃናትም «ሂዱ፣ ውጭ ተጫወቱ» የሚባሉበት። ዛሬ ተጠራርቶ በአንድ ክፍል መሰብሰብ ለሁሉም አደጋ ስለሆነ፣ ቡናው ለቤተሰቡ ብቻ እንዲሆን መክረናል። ምክሩ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በጅማ ቡና ብቻን አይጠጣም። እንግዲያው ባዶ የቀረውን የጎረቤት በርጩማ ለልጁ ስጡት።

ቡና ሲቀርብ ለሕፃን የሚሆን ብዙ ሥራ አለ። ስኒዎቹን ይቁጠር፤ ለስንት ሰው እንደሚቀዳ፣ ረከቦቱ ላይ ስንት እንደሚተርፍ ይናገር። ጥሬው ቡና ሲለቀም ከጎን ተቀምጦ ደኅናውን ከተሰበረው ይለይ፤ መለየትና መመደብ የሒሳብ መጀመሪያ ነው። ሲቆላ ቀለሙና ሽታው እንዴት እንደተለወጠ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ከዚያ አቦሉ የተረት፣ ቶናው የእንቆቅልሽ ይሁን። በረካው ደግሞ የልጁ ነው፤ የሰማውን ተረት በተራው መልሶ ይናገርበታል። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ተረትን መልሶ የሚናገር ሕፃን ነገርን በቅደም ተከተል መያዝ ይለምዳል፤ በኋላ ንባብ ሲጀምር ያነበበውን እንዲረዳ የሚያግዘው ይኸው ልማድ ነው። ሲሳሳት አታቋርጡት፤ «ከዚያስ?» በሉት። ፍሙና የፈላው ጀበና ግን የልጁ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ይሁኑ። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የቡና ፍሬም ሆነ ቆሎ መጫወቻ እንዲሆነው አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል።

እንቆቅልሽን ብዙዎቻችን ለሳቅ ብቻ የተፈጠረ አድርገን እናየዋለን። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ሕፃን በመጀመሪያ ማዳመጥን ይማራል፤ ቀጥሎም አንድን ነገር በሌላ መመሰልን። መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እዚህ ላይ ወላጅ ብልኃት ሊጨምር ይችላል። ሕፃኑ ዛሬ አጋሮን ይስጥ፤ ነገ ጌራን፣ ከነገ ወዲያ ጅሬንን። «ጅሬን ላይ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካላወቀ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንዳለ ንገሩት። በዚህ መንገድ ክረምቱ ሳያልቅ የአካባቢውን ከተሞች በስም ያውቃቸዋል። አዲስ እንቆቅልሽ መፍጠርም አያስቸግርም፤ የቤት ዕቃ ይበቃል። «ሆዷ እሳት ላይ፣ እንባዋ ስኒ ላይ፤ ማን ናት?» ቢባል ልጁ ዞር ዞር ብሎ ጀበናዋን ያገኛታል።

በየትኛው ቋንቋ እናጫውታቸው የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል። በጅማና በዙሪያዋ ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ በተጨማሪ የዳውሮ፣ የከፋና የየም ቋንቋዎች በየቤቱ ይነገራሉ። አንዳንድ ወላጆች ለትምህርት ቤት ይጠቅመዋል ብለው እነርሱ ራሳቸው እንደ ልብ በማይናገሩት ቋንቋ ልጁን ለማስተማር ይደክማሉ። ውጤቱ ንግግሩ ማጠሩ ነው፤ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ተው» ብቻ ይቀራል። ተረቱ የሚነገረው ተራኪው ያለ ችግር በሚናገርበት ቋንቋ ይሁን። በአፋን ኦሮሞ የሚጫወት ቤት ሂቦ አለው፤ እንቆቅልሽ የሚሰጠውን ጥቅም ሁሉ ይሰጣል።

ወደ ሰውነት እንቅስቃሴ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፍ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኛ፣ ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ሦስት ሰዓት በዝናብ ቀን የማይሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን ባንድ ጊዜ መሆን የለበትም። በረንዳ ላይ በከሰል የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ የእግር ብርታትንና የቀናትን ስም በአንድነት ያስተምራል። ገመድ ዝላይ፣ ድብብቆሽ፣ ከፍ ላሉት ገበጣ አለ። ለገበጣ ጠጠርና በመሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ይበቃሉ፤ መሬቱ ጭቃ ከሆነ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ጉድጓዶቹን ይተካል።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጓሮ ውጡ። በዚህ ወቅት የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው። ልጁ አንድ ቅርንጫፍ መርጦ ክር ይሰርበት፤ በየሳምንቱ እየሄደ ፍሬውን ያስተውል፣ የተለወጠ ካለ ይናገር። እስኪቀላ ድረስ ሳምንታት መጠበቅ አለበት፤ መጠበቅም ትምህርት ነው። የዋንዛን፣ የብሳናንና የሰሳን ቅጠል ለቅሞ በመጠንና በቅርጽ ይደርድራቸው። እርሳስና ወረቀት ካለ ዙሪያቸውን ይሳል፤ ከሌለ በእንጨት መሬት ላይ ይሳል። ይህ ሁሉ ግን ከአንድ ቤት ልጆች ጋር ነው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ማጫወት ለጊዜው ይቆየን፤ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ሕመሙ ባይጠናባቸውም ለቤተሰባቸው ሊያስተላልፉት ይችላሉ፤ በየቤቱ ደግሞ አያት አለች።

አያቷ እዚያው ቤት የምትኖር ከሆነች ተረቷን ከልጁ መከልከል አይገባም። መስኮቱ ይከፈት፣ ልጁ አስቀድሞ እጁን ይታጠብ፣ ፊት ለፊት ከመሆን ይልቅ ጎን ለጎን ራቅ ብለው ይቀመጡ። ሌላ ቤት ያለች አያት በስልክ ትተርታለች። የመስኮቱ መከፈት ለማገዶው ጭስም መፍትሔ ነው፤ በክረምት ቤት ዘግቶ እሳት ማንደድ የሕፃናትን ሳንባ የሚጎዳ የቆየ ችግራችን ነው።

ስለ ስልክ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለአጸደ ሕፃናት ልጆች ሳይቀር ብዙ ገጽ መልመጃ በቴሌግራም እየላኩ ወላጆች አትመው እንዲያሠሩ ይጠይቃሉ። በቅን ልቦና የሚደረግ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የአምስት ዓመት ልጅ አንድን ፊደል መቶ ጊዜ ሲገለብጥ የሚማረው መሰልቸትን ነው፤ ማተሚያ የሌለው ወላጅም ያለ ጥፋቱ ይጨነቃል። በቀን አንድ ፊደል፣ እርሱንም ከጤፍ ዱቄት ላይ በጣት ወይም ከጭቃ ጠፍጥፎ መሥራት ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው።

እጅ መታጠብንም ከጨዋታው አንለየው። በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታሸት አለበት ስንል ሕፃኑ ሰከንድን አያውቅም፤ ቁጥርን ግን ያውቃል። ከአንድ እስከ ሃያ ቀስ ብሎ እየቆጠረ ይታሽ። ጠዋት በአማርኛ ከቆጠረ ማታ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብሎ ይቀጥል። ቧንቧ በሌለበት ቤት ትንሽ ጀሪካን ቀዳዳ አበጅቶ በልጁ ቁመት ልክ ማንጠልጠልና ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ለመታጠቢያ ማጠራቀም ይቻላል፤ ሳሙናው ግን አይቅር። ማጠራቀሚያው ዘወትር ክዳን ይኑረው፤ ሕፃን በጥቂት ውኃም ሊሰጥም ይችላል።

በዚህ ወረርሽኝ ወቅት በቤታችን የበዛ አንድ አደጋ አለ፤ እርሱም በረኪና ነው። ቤት ለማጽዳት የተበጠበጠ በረኪና በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ከጥግ ይቀመጣል፤ የተጠማ ሕፃን ደግሞ ፕላስቲኩን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። በረኪናና የእጅ ማጽጃ አልኮል ከመጠጥ ዕቃ ውጭ፣ ከልጅ ቁመት በላይ፣ ተዘግተው ይቀመጡ። በስሕተት የጠጣ ልጅ ካለ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ዕቃውን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃንም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አይደረግለትም፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል።

አሁን ስለ ታላቅ እህት ልናገር። በብዙ ቤት የታናናሾቹ ሞግዚት የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሆናለች። እናት ገበያ ስትወጣ፣ አባት ከማሳ ሲውል፣ ውኃው፣ ማገዶውና ሕፃኑ በእርሷ ላይ ይወድቃሉ። እርሷም ተማሪ ናት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቡና ለቀማ ይጀምራል፤ ለቀማው የቤተሰቡ ገቢ እንደሆነና ልጆችም እንደሚያግዙ እናውቃለን። የምሰጋው ለቀማ የጀመረች ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት «ዘንድሮስ አልፏል» ተብላ እንዳትቀር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ የእርሷ ብቻ የሆነ አንድ ሰዓት ይከለልላት፤ መጽሐፏን ትክፈት፤ ታናናሾቿን በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ይያዝላት፤ ወንድሟ ሊሆን ይችላል፣ አባቷም ሊሆን ይችላል። የምዝገባ ጥሪ ሲመጣ የእርሷ ስም ከወንድሟ ስም ጋር አብሮ ይጻፍ።

ሕፃናት የምንናገረውን ይሰማሉ። «ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል?» ሲሏችሁ «ነገ» ብላችሁ አታታሏቸው፤ «ቀኑ ሲነገረን እነግርሃለሁ» በሏቸው። ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ወደ ለይቶ ማቆያ የገባ ሰው ካለ፣ ታክሞ እንደሚመለስ ተስፋ እንደምታደርጉ ንገሯቸው፤ ያንን ቤተሰብ በስድብ አታንሱ፤ ልጁ ነገ ያንኑ ስድብ ለጓደኛው ይደግመዋል። ገቢው በቀነሰበት፣ ሁሉም በአንድ ክፍል በዋለበት ጊዜ ቁጣ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው። እጃችሁ ለዱላ ሲነሣ ከበረንዳው ወጥታችሁ ጥቂት ተንፍሱ። አልጋው ላይ መሽናት የጀመረ ወይም ከእናቱ አልለይም ያለ ሕፃን ያስጨነቀው ነገር ስላለ ነው፤ ቅጣት ያብስበታል፤ የተለመደ የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት ግን ያረጋጋዋል።

በመጨረሻም፣ ኮሮናን ፈርታችሁ የሕፃናትን ክትባት አታስተጓጉሉ፤ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው፤ ቀጠሮውን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቁ። ዝናቡ ሲቀንስ ወባ ስለሚበዛ ሕፃናቱ ከአሁኑ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ልጅ ካለ «ኮሮና ይሉብናል» ብላችሁ አትደብቁት፤ ትኩሳቱ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም የሚለየው ምርመራ ነው። ለማንኛውም ጥያቄ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።